በሐዋሳ ለገና ማዕድ የታዘዘ ባለ ሊኮር የቸኮሌት ትራይፍል

በሐዋሳ ለበዓል ኬክ ማዘዝ የፈለገ ሰው የሚቀርብለት ምርጫ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፤ ነጭ ክሬም የተቀባ ቶርታ፣ ሚልፎኒ ወይም ብላክ ፎረስት ነው። ብላክ ፎረስት በአገሩ በጀርመን ጣዕሙን የሚያገኘው ከቼሪ ፍሬ ተጣርቶ ከሚወጣው ኪርሽ ከሚባለው ጠንካራ መጠጥ ሲሆን፣ የአገሪቱ የኬክ አሠራር መመሪያም የኪርሹ ጣዕም በግልጽ እንዲታወቅ ይጠይቃል። እኔ በከተማችን የቀመስኳቸው ግን በስኳር ሽሮፕ ብቻ የራሱ ናቸው። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ሙስሊሙ፣ መጠጥ የማይቀምሰው ፕሮቴስታንትና ሕፃን ልጅ የያዘችው እናት በአንድ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ኬክ በሚበሉባት ከተማ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ይሁንና ቸኮሌትና መጠጥ በልክ ሲገናኙ የሚሰጡትን ጣዕም የሚወድ ሰው በሐዋሳ የሚሄድበት ቦታ እንደሌለው ለረጅም ጊዜ አምን ነበር።

ይህን ሐሳቤን ያስለወጠችኝ በአቶቴ አካባቢ፣ በመኖሪያ ቤቷ፣ በትዕዛዝ ብቻ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ናት። ለገና ግብዣችን ያዘጋጀችልን በትልቅ የብርጭቆ ሳህን የተደረደረ፣ የቡና ሊኮር በሚባለው ጣፋጭ የአልኮል መጠጥና በሩም የራሰ የቸኮሌት ትራይፍል ነው። ስሟን የማልጠቅሰው በራሷ ጥያቄ ነው፤ አንድ ማቀዝቀዣና ሁለት እጅ ብቻ እንዳላት፣ በበዓል ሰሞን ከዚያ በላይ ትዕዛዝ ብትቀበል ሥራው እንደሚበላሽባት ነግራኛለች። ደንበኛ የሚደርስባት በሰው በሰው ነው፤ እኔም ያገኘኋት እንዲሁ ነው።

ትራይፍል የእንግሊዞች የበዓል ጣፋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1585 ለኅትመት የበቃው አሠራር ወፍራም ክሬምን በስኳር፣ በዝንጅብልና በጽጌረዳ ውኃ አጣፍጦ ለብ ከማድረግ ያለፈ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሥሩ በወይን ጠጅ የራሰ ብስኩት፣ በመካከሉ የእንቁላል ክሬም፣ ከላዩ የተመታ ክሬም እየተደረበበት ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ፤ ከዚያም ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን የተለመደ ማራሻው ሆነ። የቸኮሌቱ ዓይነት ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። አሜሪካውያን ለበዓል ሲሠሩት በብስኩቱ ፋንታ የቸኮሌት ኬክ ወይም ብራውኒ፣ በሼሪው ፋንታ የቡና ሊኮር ይጠቀማሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚመርጡት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የሚመረተውንና ከሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ የመጣውን ካሉዋን ነው። የሐዋሳዋ ባለሙያ የተከተለችው ይህን ፈለግ ነው፤ ሆኖም ቡናው የራሳችን መሆኑ ሥራውን የራሷ አድርጎታል።

ትዕዛዙን ስሰጥ ያስደነቀኝ የጥያቄዎቿ ዓይነት ነበር። ስለ ቀለምና በኬኩ ላይ ስለሚጻፈው ስም ከመጠየቋ በፊት የጠየቀችኝ ስለ እንግዶቻችን ነው። «ከሚመጡት ሰዎች መጠጥ የማይነኩ ምን ያህል ይሆናሉ? ነፍሰ ጡር አለች? ልጆችስ? መኪና ይዘው የሚመለሱ አሉ? መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም ይንገሩኝ።» ሠላሳ ገደማ እንግዳ እንደምንጠብቅ፣ ከእነዚህም አንድ ሦስተኛው መጠጥ እንደማይቀምስ ስነግራት አንድ ትልቅና አንድ መለስተኛ ሳህን እንደምትሠራ፣ መለስተኛው ከሥር እስከ ላይ ያለ አልኮል እንደሚሆን፣ ሁለቱንም በተለያየ ማንኪያና በተለያየ ሰዓት እንደምትደረድር አስረዳችኝ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት መልክ ለመስጠት ስትል ጣዕሙን አላሳነሰችም፤ የመለስተኛውን ኬክ የምታረሰው በሊኮሩ ፋንታ ጠንከር ባለ ቡና፣ በቫኒላና በጥቂት ስኳር ነው። በአልኮል የሚሠራ ጣፋጭ በሚቀርብበት ግብዣ ላይ ከጣዕሙም ከውበቱም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ማን ይበላዋል የሚለው እንደሆነ አምናለሁ፤ እስካሁን ከገጠሙኝ ኬክ ሠሪዎች ይህን ሳላስታውሳት ራሷ ያነሣች እርሷ ብቻ ናት።

ቀኑንም በጥንቃቄ ትመርጣለች። ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ሲሆን ሐዋሳ በምእመናን ትጥለቀለቃለች፤ በቤቱ ሁሉም እንግዳ አለ፤ ነገር ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ የያዘው የነቢያት ጾም ገና ስላልተፈታ ወተት፣ ክሬምና እንቁላል ያለበት ጣፋጭ ለዚያ ቀን አይሆንም። በዘይትና በውኃ የሚሠራ የጾም ኬክ እንደምታውቅ፣ ትራይፍሉን ግን ያለ እንቁላልና ያለ ክሬም ሠርታ በዚያው ስም ማቅረብ እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ጾም በሚፈታበት በገና ዕለት፣ ከዶሮ ወጡና ከክትፎው በኋላ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ምሬት ያለው ጣፋጭ የሚገባበት ቦታ አለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከከባድ የበዓል ምግብ በኋላ ስኳሩ የበዛ ቶርታ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም ለእኔ ልክ አይመስለኝም፤ የጥቁር ቸኮሌትና የቡና ምሬት ቅቤና በርበሬ የከበደውን አፍ ያጸዳል።

ወደ ንጣፎቹ ልግባ። ከሥር ያለው የካካዎ ኬክ ነው፤ በመጠኑ ደረቅ ያለ፣ ቀዳዳው የጠበበ፣ በአውራ ጣት ሲነካ የማይፈርስ። ለማራስ የሚሆን ኬክ እንዲህ መሆን አለበት፤ ለብቻው ሲበላ እጅግ የሚለሰልሰው ኬክ ፈሳሽ ሲነካው ወደ ገንፎነት ይለወጣልና። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑም ኬክ በምድጃ ውስጥ ቶሎ ይነፋና ሳይጠነክር መካከሉ ይሰምጣል። ከውጭ የመጣ አሠራር ላይ የተጻፈውን የቤኪንግ ፓውደር መጠን እንዳለ የሚከተል ሰው የሚቸገረው በዚህ ነው። ባለሙያዋ መጠኑን ቀንሳ፣ አንድ እንቁላል ጨምራ ትጋግራለች፤ ውጤቱም በሳህኑ ጎን በኩል በግልጽ የሚታይ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያለው ንጣፍ ነው።

የሥራው ልብ ግን ማራሻው ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ተገቢ ይመስለኛል። ሊኮሩን የምትሠራው ራሷ ናት። በፀሐይ የደረቀ የሲዳማ ቡና ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ጠንከር አድርጋ ታፈላለች፤ ከታጠበው ይልቅ ደረቁን የመረጠችው የታጠበው ቡና የሎሚና የአበባ ሽታ ሲያመዝንበት፣ ከነገለፈቱ የደረቀው ደግሞ ከቸኮሌት ጋር የሚስማማ የበሰለ ፍሬ ጣዕም ስላለው እንደሆነ ነግራኛለች፤ ስቀምሰውም አረጋግጫለሁ። በቡናው ስኳር አሟምታ ካቀዘቀዘችው በኋላ 40 በመቶ አልኮል ባለው ሽታ አልባ ቮድካ እኩል በእኩል ትቀላቅለዋለች። ስለዚህ የሚገኘው ሊኮር 20 በመቶ አካባቢ ነው፤ ይህም በፋብሪካ ከሚሠሩት የቡና ሊኮሮች ጋር ተቀራራቢ ነው። ከዚያ የቫኒላ ፍሬ አስገብታ ለጥቂት ሳምንታት በጨለማ ቦታ ታስቀምጠዋለች። በዚህ ላይ የሚጨመረው ሩም ጥቂት ነው፤ ሥራው ማስከር አይደለም፤ ከሸንኮራ አገዳ የወረሰውን የተቃጠለ ስኳር ሽታ ለቸኮሌቱ መስጠት ነው።

በቤት አረቄ ወይም በኡዞ ብትሠራው ዋጋው እንደሚቀንስ የሚነግሯት ደንበኞች አሉ። ሁለቱንም አለመቀበሏ ትክክል ነው እላለሁ። የኡዞ የአኒስ ሽታ ቸኮሌቱን ውጦ ብቻውን ይቀራል። የቤት አረቄ ደግሞ ጥንካሬው ከእንስራ እንስራ ስለሚለያይ በአንድ ጭልፋ ጣፋጭ ውስጥ ምን ያህል አልኮል እንዳለ ማወቅ አይቻልም፤ መጠኑ ያልታወቀ መጠጥ ለእንግዳ በሚቀርብ ምግብ ውስጥ መግባት የለበትም።

መጠኑን ሳልጠይቅ አልቀረሁም፤ እርሷም ሳትደብቅ ነገረችኝ። ለሃያ ሰው በሚበቃው ትልቁ ሳህን ውስጥ የገባው 150 ሚሊ ሊትር የቡና ሊኮርና 50 ሚሊ ሊትር ሩም ነው። ሊኮሩ 20 በመቶ፣ ሩሙ 40 በመቶ ስለሆነ ንጹሑ አልኮል በድምሩ 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ለሃያ ሲካፈል ለአንድ ሰው 2.5 ሚሊ ሊትር፣ በክብደት 2 ግራም ገደማ ይደርሳል። አምስት በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ስለሚይዝ፣ አንድ ሰው ከዚህ ጣፋጭ የሚያገኘው ከአንድ ጠርሙስ ቢራ አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። ለሚጠጣ ሰው ይህ ትንሽ ነው። በሃይማኖቱ ወይም በጤናው ምክንያት ለማይቀምስ ሰው ግን ትንሽም ቢሆን አልኮል አልኮል ነው።

«ሲበስል እኮ ይተናል» የሚለው አነጋገር በየቤቱ ስለሚሰማ እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ይህ ማለት ግን ምግቡ 78 ዲግሪ እንደደረሰ ከውስጡ ተጠራርጎ ይወጣል ማለት አይደለም፤ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቆይ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ባዘጋጀው ሠንጠረዥ መሠረት በፈላ ፈሳሽ ላይ ጨምረው ወዲያው ከእሳት ያወረዱት መጠጥ 85 በመቶውን አልኮል ይዞ ይቀራል፤ ሳይሞቅ ተቀላቅሎ ያደረ 70 በመቶውን፣ ተጨምሮበት ለአንድ ሰዓት ያህል የተንተከተከ ወጥ እንኳ 25 በመቶውን ይይዛል። ትራይፍል ደግሞ ከተራሰ በኋላ እሳት አያይም። ስለዚህ አልኮል ገብቶበት ሲያበቃ ተኖ አልቋል ብሎ ለእንግዳ ማቅረብ እውነት አይደለም፤ ባለሙያዋም ይህን አትልም።

ለንጽጽር ያህል፣ በዚሁ ከተማ በአንድ ሆቴል ግብዣ ላይ የቀረበልኝን ተመሳሳይ ጣፋጭ ላንሣ። እዚያ መጠጡ የፈሰሰው ከላይ፣ በክሬሙ ላይ፣ ሊበላ ሲል ነበር። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮ አቃጠለ፤ ከሥር ያለው ኬክ ደረቅ እንደሆነ ቀረ፤ ክሬሙም መጠጡ በነካው ቦታ ፍርፍር አለ። አልኮል ወደ ኬኩ መግባት ያለበት ኬኩ ለብ እንዳለ፣ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት፣ ከዳር ጀምሮ ነው፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት። የአቶቴዋ ትራይፍል ያደረ መሆኑ በመጀመሪያው ማንኪያ ይታወቃል፤ መጠጡ ለብቻው አይሸትም፤ ቸኮሌቱ ከተዋጠ በኋላ ግን ደረት ላይ ቀለል ያለ ሙቀት ትቶ ያልፋል።

ሁለተኛው ንጣፍ የቸኮሌት ክሬም ነው። በብዙ አገር የሚሠራው ሙስ የሚባለው የቸኮሌት ክሬም ጥሬ እንቁላል ይገባበታል፤ እርሷ ግን የእንቁላሉን አስኳል ከወተት፣ ከስኳርና ከጥቂት የበቆሎ ስታርች ጋር አብስላ ካስተርድ ካደረገችው በኋላ ነው ቸኮሌቱን የምታቀልጥበት። ከየገበያው የተለቀመ እንቁላል ሳይበስል ለሠላሳ ሰው ማቅረብ አደጋ እንዳለው፣ የገባው ጥቂት ሊኮርም ጀርሙን እንደማይገድለው ስለምታውቅ ነው። ቸኮሌት በአገራችን የሚሸጠው በአብዛኛው ከውጭ ገብቶ ሲሆን፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው አብዛኛው የካካዎ ቅቤው ወጥቶ በፓልም ዘይት የተተካበት ነው። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀልጣል፤ ጥሩ ቸኮሌት ምላስ ላይ ሳይታኘክ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የዘይቱ ቸኮሌት ግን ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ትራይፍሉ ውስጥ ያገኘሁት እውነተኛው ነበር፤ ማሸጊያውን እንዳየው ስጠይቃትም ሳታመነታ አሳየችኝ፤ ካካዎው 55 በመቶ ነው።

በቤቱ ሊሠራው ለሚሻ ሰው አንድ ምክር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በቀለጠ ቸኮሌት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሊኮር ብቻ ጠብ ቢደረግበት ቸኮሌቱ ወዲያው ይጠጥርና እንደ እርጥብ አሸዋ ይሆናል፤ ጥቂቱ እርጥበት በውስጡ ያለውን ስኳርና የካካዎ ዱቄት እርስ በርስ ያጣብቀዋልና። መፍትሔው ፈሳሹን መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው፤ ለ100 ግራም ቸኮሌት ከ25 ሚሊ ሊትር ያላነሰ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ መግባት አለበት። ባለሙያዋ ለትልቁ ሳህን ግማሽ ሊትር ወተት፣ ስድስት አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 30 ግራም ስታርችና 250 ግራም ቸኮሌት ትጠቀማለች፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የተመታ ክሬም እያገላበጠች ትቀላቅልበታለች። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ ካስተርዱ ትኩስ እንዳለ ክሬም የሚቀላቅል ሰው ሾርባ ነው የሚያገኘው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከላይኛው ነጭ ክሬም ነው። ውስጠኛው ክሬም ከወተት የወጣ እውነተኛ ክሬም ሲሆን፣ ከላይ የተቀባው ግን ከአትክልት ዘይት የተሠራው፣ ኬክ ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት ዓይነት ነበር። ምክንያቷን ሰምቻለሁ፤ የወተት ክሬም ቢያንስ 30 በመቶ ስብ ኖሮትና በደንብ ቀዝቅዞ ካልተመታ አይቆምም፤ በሐዋሳ ሙቀት ከማቀዝቀዣ በወጣ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ይወርዳል፤ መብራት በሄደ ቁጥርም የምታጣው እርሱን ነው። የዘይቱ ክሬም ይህ ሁሉ ችግር የለበትም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። ነገር ግን በሰውነት ሙቀት በሚገባ ስለማይቀልጥ ላንቃ ላይ የሰም ሽፋን ይተዋል፤ ከሥሩ ያለውን በብዙ ልፋት የተገኘ የቡናና የቸኮሌት ጣዕምም ይሸፍነዋል። ይህን ያህል ለተጠነቀቀችበት ሥራ ይህ ክሬም አይመጥነውም። ንጣፉ ግማሽ ቢሳሳ፣ ሳህኑም የሚወጣው ሊበላ ሲል ብቻ ቢሆን፣ የወተቱን ክሬም እመርጥ ነበር፤ ልዩነቱንም በደስታ እከፍላለሁ።

ከዚያ በላይ የተነሰነሰው የተፋቀ ቸኮሌት መልካም ነው። በቆርቆሮ የሚመጣው ቀይ ቼሪ ባይኖር ማንም አይከፋም፤ ስኳር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከጣዕም ይልቅ ከበድ ይላል። ሁለቱ ሳህኖች የሚለዩት በክዳናቸው ላይ በታሰረ ሪባን ነበር፤ ቀዩ መጠጥ ያለበት፣ ነጩ የሌለበት። ባለሙያዋ ይህን ለእኔና ለእህቴ ደጋግማ ነግራናለች፤ ነገር ግን ግብዣ ሲደምቅ ክዳኑ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ሪባኑም አብሮት ይሄዳል። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት የተነሣ ጠብታ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ አንዲት ጎረቤታችን ከትልቁ ሳህን ሊያነሡ ማንኪያውን ሲይዙ የአክስቴ ልጅ ነው ደርሶ «እትዬ፣ እሱ መጠጥ አለበት፤ የእርስዎ ያኛው ነው» ያላቸው። በሁለቱ ሳህኖች መካከል በመልክ ምንም ልዩነት አልነበረም። ባለሙያዋ ይህን መመሳሰል ያመጣችው ማንም ተለይቶ እንዳይሸማቀቅ በማሰብ ነው፤ አሳቢነቷን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ መለያው በራሱ በጣፋጩ ላይ መሆን ይገባዋል። መጠጥ ባለበት ላይ የቡና ፍሬ መደርደር፣ በሌለበት ላይ አለመደርደር፣ ከጎኑም «አልኮል አለው» ተብሎ በጉልህ የተጻፈ ካርድ ማቆም ይበቃል። ይህንኑ ስነግራት ወዲያው ተቀብላ በማስታወሻዋ ላይ ጽፋዋለች።

መለስተኛውን ሳህን በተመለከተ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሩሙ ስለሌለበት የቡናው ምሬት ጎልቶ ይሰማል፤ ጣፋጭነቱም ትንሽ ይቀንሳል። በግብዣው ላይ ከነበሩት መጠጥ ከሚጠጡት ሰዎች መካከል ሁለቱንም ቀምሰው ወደዚህኛው የተመለሱ ነበሩ። ቡና ያለበት መሆኑን ግን ልጆች ላሏቸው ቤቶች አስታውሳለሁ፤ ማታ ላይ የበሉ ሕፃናት እንቅልፍ ሊያስቸግራቸው ይችላል፤ ለእነርሱ በካካዎ ወተት የራሰ ሦስተኛ ዓይነት እንድትሠራ ማዘዝ ይቻላል።

ስለ ማድረስ ብዙ የምለው የለኝም። ራሷ በበረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጋ በባጃጅ አምጥታዋለች፤ በሰዓቱ ደርሷል፤ ንጣፎቹም አልተናወጡም። የብርጭቆ ሳህኑ ከባድና ሰፊ በመሆኑ ግን በማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይፈልጋል፤ በበዓል ዋዜማ ማቀዝቀዣው በሥጋና በለስላሳ ተሞልቶ ለሚያድር ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ቦታውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ያሻል።

ዋጋው ተመሳሳይ መጠን ካለው የኬክ ቤት ቶርታ እጥፍ ይጠጋል። ውድ ነው። የቸኮሌቱን፣ የክሬሙንና የሩሙን ዋጋ ደምሮ ያየ ሰው ግን ለእጇ የሚተርፋት ብዙ እንዳልሆነ ይረዳል፤ እኔ የምቃወመው ለዘይቱ ክሬም የወተት ክሬም ዋጋ መጠየቋን ብቻ ነው፤ ያ ከተስተካከለ ሌላው ተገቢ ነው። ግብዣው ከአሥር ሰው በታች ከሆነ ይህን ትዕዛዝ አልመክርም፤ ትራይፍል ከሁለት ቀን በላይ ሲቆይ ኬኩ ውኃ ይቋጥራል፤ የተረፈውም እንደ ቶርታ ተቆርጦ ለጎረቤት አይላክም።

ለፋሲካ ማዘዝ የሚያስቡ ሰዎች የሰሞነ ሕማማት ሳምንት ከመግባቱ በፊት ሊያናግሯት ይገባል፤ በዚያ ሳምንት አዲስ ትዕዛዝ አትቀበልም። ሲያዝዙ መጠጥ የማይነኩትን እንግዶች ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ የላይኛው ክሬም ከወተት እንዲሆን በግልጽ ይጠይቁ፤ በሳህኑ ላይ የሚቆመውን ካርድም አያስረሷት። ግማሹን ዋጋ በቀብድ ትቀበላለች። የብርጭቆ ሳህኖቹ የእርሷ በመሆናቸው ለእነርሱ ለብቻ መያዣ ገንዘብ ትቀበላለች፤ ታጥበው በተመለሱ ጊዜ ሳታጓድል ትመልሳለች።